ለሮተም፣ ከአሽቀሎን ጎረቤትሽ

የአሸዋው ቁጥቋጦ ሮተም ሆይ፣

በጥር፣ በአሽዶድና በአሽቀሎን መካከል ያለው የኒጻኒም አሸዋ ነጭ አበባሽን ይለብሳል። መዓዛሽ ቀድሞሽ ይደርሳል፤ ንቦችም ተከትለውት ይመጣሉ። ለአበባሽ ማንም ያመሰግንሻል። እኔ አብልጬ የማመሰግንሽ ስለ በጋሽ ነው።

እናቴ ባደገችበት በጎንደር ገጠር ሐምሌና ነሐሴ ጭቃና ጉም ናቸው። እዚህ ግን ጠብታ አይወርድም፤ አሸዋው እግር ያቃጥላል። ያን ጊዜ አንቺ የደረቀ መጥረጊያ ትመስያለሽ። በዝናብ ወራት ብቅ ያለችው ትንሽ ቅጠልሽ ቶሎ ረግፋለች፤ ምግብሽን የሚሠራው አረንጓዴው ቅርንጫፍሽ ነው። ውሃሽ በከንቱ እንዳይተን የምትተነፍሺባቸውን ቀዳዳዎች በቅርንጫፍሽ ቦዮች ውስጥ ደብቀሽ በጸጉር ሸፍነሻቸዋል። ፀሐይ የሚመታው የላይኛው ቅርንጫፍሽ ድርቁ እስኪያልፍ ሥራውን አቁሞ ያንቀላፋል፤ ጥላ ያለው የታችኛው ግን መሥራቱን ይቀጥላል። ሥርሽም ብዙ ሜትር ወርዶ እርጥበት ይፈልጋል።

ደርቀሽ ብትታዪም ሕያው መሆንሽን እናቴ ከመጽሐፍ አልተማረችም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። አንድ በጋ የሰፈር ልጆች እሳት ሊያነዱ ሲሰብሩሽ አየችና ጠጋ ብላ ልጥሽን በጥፍሯ ጫር አደረገች። አረንጓዴውን እያሳየች፣ «ተዉ ልጆቼ፣ ይቺ እኮ በሕይወት አለች» አለቻቸው። በአማርኛ ነበር የተናገረችው፤ ልጆቹም ገባቸው።

ሮተም ሆይ፣ ያን ቀን ምን እንዳደረግሽልን ልንገርሽ። እናቴ ማሳ ታውቃለች፣ ሸክላ ትሠራለች፣ ዘር ትመርጣለች። እዚህ ግን ዕብራይስጥ ስላልቻለች ምንም እንደማታውቅ ቆጥረው ያለፏት ብዙዎች ነበሩ። አንቺ ፊት ቆማ ግን አስተማሪ ሆነች። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ያገኙትን ተክል ሁሉ «እማማ፣ ይሄስ?» እያሉ ያመጡላት ጀመር። ከሁሉ በላይ የማመሰግንሽ ለዚህ ነው።

የአተርና የባቄላ ዘመድ መሆንሽን ስነግራት አልደነቃትም። በሥርሽ እብጠቶች የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ይመግቡሻል፤ ድሃውን አሸዋም ያለሙታል። ባቄላ የተዘራበት ማሳ በቀጣዩ ዓመት ለእህል እንደሚያምር እርሷ ከልጅነቷ ታውቀዋለች።

በመጽሐፍ ቅዱስ ነቢዩ ኤልያስም ከቤርሳቤህ የአንድ ቀን መንገድ በምድረ በዳ ተጉዞ ሞቱን የለመነው ከሥርሽ ተቀምጦ ነው። ጥላሽ ስስ ነው፤ ለደከመው ሰው ግን በቃው። ከሥርሽ ተኛ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ከዚያም ተነሥቶ ዐርባ ቀን ሄደ። ስለ እርሱም አመሰግንሻለሁ።

ዛሬ የባሕሩን ዳር አሸዋ አብዛኛውን ቤትና መንገድ ወስዶታል። በተረፈው ላይ ደግሞ አሸዋውን ይይዛል ተብሎ ከአውስትራሊያ የመጣው አካሺያ ይስፋፋል። አንቺም አውስትራሊያ ስትገቢ የዚያን አገር ዕፅ ታስጨንቂያለሽና ምስጋናዬ እዚሁ፣ በገዛ አገርሽ ለቆምሽው ነው። አካሺያው ከኒጻኒም ይነቀል፤ በየፍሬሽ ውስጥ ያለችው አንድ ወይም ሁለት ዘርሽ የምታርፍበት አሸዋ አትጣ። ዝናቡም በጊዜው ይምጣልሽ።

አክባሪሽ፣
የአሽቀሎን ጎረቤትሽ