ፍንዳታ በሚያሰጋ ከባቢ የትኛው የመሣሪያ ምደባ ይበጀናል? ከአንገር ጉቲን እና ከፊንጫ ሲታይ

አንገር ጉቲን በምሥራቅ ወለጋ በቆሎ፣ ሰሊጥና አኩሪ አተር የሚመረትበት ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ከእርሷ በስተምሥራቅ፣ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ፣ የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኢታኖል ያመርታል። የወፍጮ ቤት ብናኝ፣ የማደያ ቤንዚን ትነትና የኢታኖል ትነት በመልክ ቢለያዩም ጠባያቸው አንድ ነው። ከአየር ጋር በተወሰነ መጠን ሲደባለቁ አንዲት የማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታ ወይም የጋለ የሞተር ገጽ ለፍንዳታ ይበቃቸዋል። ስለዚህ በእነዚህ ስፍራዎች የሚገጠም ማናቸውም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለየት ያለ አሠራርና ይህንኑ የሚመሰክር ምልክት ሊኖረው ይገባል።

ይሁንና ምልክቱ የሚጻፍበት ቋንቋ አንድ አይደለም። መሣሪያ ከውጭ የምናስገባ እንደመሆናችን የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) ምደባም የአሜሪካው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ ምደባም ይደርሰናል። በተለምዶ የሚወሰደው መፍትሔ አንዱን ወደ ሌላው የሚመልስ የአቻነት ሰንጠረዥ መጠቀም ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ሰንጠረዡ ለእኛ አስተማማኝ አይደለም የሚል ነው። እንዲያውም የሚያሳስተው በክልላችን ዋነኛ በሆነው ፈሳሽ፣ በኢታኖል ላይ ነው።

ሁለቱ ሥርዓቶች

የአሜሪካው ሥርዓት አደጋውን በመጀመሪያ በዓይነት ይከፍላል፤ ክላስ 1 ጋዝና ትነት፣ ክላስ 2 ብናኝ፣ ክላስ 3 ጭረት ነው። ቀጥሎም በ1947 እ.ኤ.አ. በተጀመረው አከፋፈል መሠረት ስፍራውን በሁለት ዲቪዥን ይለያል። ዲቪዥን 1 አደጋው በተለመደው የሥራ ሁኔታ የሚኖርበት፣ ዲቪዥን 2 ብልሽት ሲደርስ ብቻ የሚከሰትበት ነው። አይኢሲ በበኩሉ በተከታታይ ደረጃዎቹ፣ በአይኢሲ 60079፣ ስፍራውን በሦስት ዞን ይከፍላል። ለጋዝና ለትነት ዞን 0 ያለማቋረጥ ወይም ለረጅም ጊዜ፣ ዞን 1 በሥራ መካከል አልፎ አልፎ፣ ዞን 2 ደግሞ እምብዛም የማይከሰትና ቢከሰትም ለአጭር ጊዜ የሚቆይ አደጋን ያመለክታሉ። ለብናኝ አቻዎቹ ዞን 20፣ 21 እና 22 ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት የአቴክስ መመሪያም በዚሁ የዞን አስተሳሰብ ይሠራል። አሜሪካ ራሷ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዞንን አከፋፈል በአማራጭነት በኮዷ ውስጥ አስገብታለች።

በሙቀት ረገድ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ከቲ1 እስከ ቲ6 ያሉት ዋና ዋና ወለሎች፣ ማለትም 450፣ 300፣ 200፣ 135፣ 100 እና 85 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በሁለቱም ዘንድ አንድ ናቸው። አሜሪካው በመካከላቸው ንዑስ ደረጃዎችን ከመጨመሩ በቀር ልዩነት የለም። አለመግባባቱ ያለው በጋዝ ቡድንና በስፍራ አከፋፈል ላይ ነው።

ኢታኖል የወደቀበት ክፍተት

የጋዝ ቡድን ከሚወሰንባቸው መለኪያዎች አንዱ፣ በሳጥን ውስጥ የተነሣ ነበልባል ወደ ውጭ አልፎ ሌላ ፍንዳታ ሳያስነሣ ሊኖር የሚችለው ትልቁ የመገጣጠሚያ ክፍተት ነው። በአይኢሲ አከፋፈል ክፍተቱ ከ0.9 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ጋዝ ቡድን 2ኤ፣ ከ0.5 እስከ 0.9 የሆነ ቡድን 2ቢ፣ ከዚያ ያነሰው ቡድን 2ሲ ይባላል። በአሜሪካው ግን ግሩፕ ዲ የሚጀምረው ከ0.75 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ሰንጠረዦቹ «ግሩፕ ዲ ማለት 2ኤ ነው» ሲሉ ከ0.75 እስከ 0.9 ያለውን ክልል ይዘሉታል።

ለቤንዚን ይህ ችግር አይፈጥርም፤ ቤንዚን በአንዱ ግሩፕ ዲ፣ በሌላው 2ኤ ነው። ሰንጠረዡ አመኔታ ያገኘውም በዚህ ምክንያት ይመስላል። የኢታኖል ክፍተት ግን 0.89 ሚሊ ሜትር ነው። ስለሆነም አሜሪካው ግሩፕ ዲ ሲለው አይኢሲ 2ቢ ይለዋል። ግሩፕ ዲ ተብሎ የቀረበን ሰነድ በሰንጠረዥ ወደ 2ኤ መልሶ መሣሪያ የሚገዛ መሐንዲስ አይኢሲ ለኢታኖል ያልፈቀደውን ሳጥን ይገጥማል። ከ0.9 የሚለየው አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር በመሆኑ ሳጥኑ የግድ ይፈነዳል ማለት አይደለም። ሆኖም የደረጃ ትርጉሙ የደኅንነት ወለልን ማስቀመጥ ነውና ወለሉ በትርጉም ስሕተት ሊወርድ አይገባም። ኢታኖልን ከቤንዚን ጋር መደባለቅ በ2001 ዓ.ም. በ5 በመቶ ተጀምሮ በኋላም ወደ 10 በመቶ ከፍ ካለ ወዲህ ጉዳዩ የፋብሪካ ግቢ ብቻ አይደለም። ለመደባለቅ የሚላክ ንጹሕ ኢታኖል በቦቴ ተጉዞ እስከ መደባለቂያው ስፍራ ይደርሳል።

በማጠራቀሚያው ውስጥ

ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ ይከብዳል። የቤንዚን ማጠራቀሚያ ውስጠኛው አየር በአብዛኛው በትነት ከመጠን በላይ ስለሚሞላ ለመቀጣጠል አየር ያንሰዋል። የኢታኖል ግን እንዲህ አይደለም። የትነት ግፊቱ በ20 ዲግሪ ወደ 6፣ በ30 ዲግሪ ከ10 ኪሎፓስካል ጥቂት የሚበልጥ ነው። የከባቢ አየር ግፊት ወደ 85 ኪሎፓስካል በሆነበት ሸለቆ ይህ ከ7 እስከ 12 በመቶ ትነት ማለት ነው። የኢታኖል የመፈንዳት ክልል ከ3 በመቶ ገደማ ተነሥቶ እስከ 19 በመቶ ስለሚደርስ በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ድብልቅ በተለመደው የቀን ሙቀት ሁልጊዜ ሊፈነዳ የሚችል ነው።

በዞን አከፋፈል ይህ ያለ ክርክር ዞን 0 ነው። በውስጡ የሚገባ የፈሳሽ መጠን መለኪያም ሁለት ብልሽት ቢደርስበት እንኳ የማያቀጣጥል፣ ኃይሉ በእጅጉ የተገደበ ሊሆን ይገባል። በዲቪዥን አከፋፈል ግን የማጠራቀሚያው ውስጥና የፓምፑ ዙሪያ አብረው ዲቪዥን 1 ይባላሉ። የአሜሪካው ኮድ በማስታወሻው ጥንቃቄ ይመክራል እንጂ ለብቻው ምድብ አላበጀለትም። በራሱ በአሜሪካው የዞን አንቀጽም ቢሆን ለዲቪዥን 1 የተፈቀደ ነበልባል የማያሳልፍ ሳጥን በዞን 0 አይገባም።

ወፍጮ ቤትና ከፍታ

በእህል ብናኝ ላይ ሁለቱ ሥርዓቶች ይቀራረባሉ፤ አንዱ ክላስ 2 ግሩፕ ጂ ሲለው ሌላው 3ቢ ይለዋል። እዚህ ላይ የሚጠቅመን የአይኢሲ የሙቀት ስሌት ነው። የመሣሪያው ገጽ ሙቀት የብናኙ ደመና ከሚቀጣጠልበት ሁለት ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። 5 ሚሊ ሜትር የተነጠፈ ብናኝ ከሚቀጣጠልበት ሙቀትም በ75 ዲግሪ ማነስ አለበት። ንጣፉ ሲወፍር ግን የሚቀጣጠልበት ሙቀት ይወርዳል። ስለዚህ በአንገር ጉቲን ወፍጮ ቤት ሞተሩ ላይ የተከመረውን ዱቄት መጥረግ ከጽዳት አልፎ የምደባው አካል ነው።

ሁለቱም ሥርዓቶች ያልተሰፉልን ደግሞ በከፍታ ነው። አይኢሲ 60079 የሚያስበው የከባቢ አየር ግፊት ከ80 እስከ 110 ኪሎፓስካል ነው። በመደበኛው ስሌት 80 ኪሎፓስካል ወደ 1,950 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። አንገር ጉቲን ከዚህ በታች ናት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለችው ነቀምቴ ድንበሩ ላይ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከድንበሩ ውጭ ናቸው። የተራ ሞተሮች የማቀዝቀዝ ስሌትም የሚመሠረተው እስከ 1,000 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተር በቀላሉ አይቀዘቅዝም፣ ፈሳሽም ተቀጣጣይ ትነት የሚሰጥበት ሙቀት ይወርዳል። በአንጻሩ የፍንዳታው ግፊት ይቀንሳል። የሚጎዳውና የሚጠቅመው ተደምሮ ምን እንደሚሆን በመሣሪያው ላይ ከተለጠፈው ምልክት አይነበብም።

ተቃውሞውና መልሱ

የዲቪዥን ሥርዓት ቀላል ነው፣ ለረጅም ዘመን ተፈትኗል፣ መሣሪያዎቹም ጠንካሮች ናቸው የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ደግሞም የዞን ካርታ ለመሥራት የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። ነገር ግን ቀላልነቱ የተገኘው እጅግ አደገኛውን ስፍራ ከመካከለኛው ጋር በመቀላቀል ነው። ኢታኖል ለሚያከማች አገር ይህ ቅልቅል ዋጋው ውድ ነው። ሁለቱን ሥርዓቶች ጎን ለጎን ማስኬድ ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ነው፤ ባለሙያው ሁለቱንም በግማሽ እንዲያውቅ ያደርገዋልና።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል። አንደኛ፣ የጨረታ ሰነዶች «ፍንዳታ የማይበግረው» ወይም «አቻ» በሚል ቃል ሳይወሰኑ ዞኑን፣ የጋዝ ወይም የብናኝ ቡድኑን፣ የሙቀት ደረጃውንና ሊረጋገጥ የሚችል የምስክር ወረቀት ቁጥርን በግልጽ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት የአይኢሲን ተከታታይ ደረጃዎች ከብሔራዊ ማሟያ ጋር ያቅርብ። ማሟያው ኢታኖል 2ቢ መሆኑን በስም የሚጠቅስ፣ ከ1,000 እና ከ1,950 ሜትር በላይ የሚገጠም መሣሪያም ተጨማሪ ማረጋገጫ እንዲቀርብለት የሚያዝ ይሁን። ሦስተኛው ድርሻ የእኛ ነው። በነቀምቴ የሚገኘውን የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ጨምሮ የምሕንድስና ትምህርት ክፍሎች የአንድ ወፍጮ ቤትን፣ የአንድ ማደያንና የአንድ ኢታኖል ማከማቻን የዞን ካርታ ለማስተርስ ጥናት ርዕስ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሥራው ውድ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ የሙቀትና የግፊት መለኪያ፣ የአየር እንቅስቃሴ ስሌትና ስፍራው ድረስ መሄድን ብቻ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል። ግዴታው በሥራ ላይ ሊተረጎም የሚችለው ግን ሠራተኛው የቆመበት ስፍራ ዞን 0 ይሁን ዞን 2 በወረቀት ላይ ሲታወቅ ነው።