የተቆለፈው ቁም ሣጥን

ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ወሬ በተነሣ ቁጥር ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «ልጅ ምን ያውቃል? አስተማሪው ያስተምር፤ ልጁም ጸጥ ብሎ ያዳምጥ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ልጅ የሚማረውን ራሱ ቢመርጥ ይሻላል» ሲል ይከራከራል። የነገሩን ሥር ለመረዳት በኢጣሊያ አገር የሆነውን አንድ ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል።

ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ የተባሉት ሐኪም፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድኾች ሰፈር «የሕፃናት ቤት» ከፈቱ። በዚያም 50 ያህል ሕፃናት ተሰበሰቡ። የመማሪያው ዕቃ በቁም ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥና መምህርቷ በሰዓቱ እያወጣች ታድላቸው ነበር። አንድ ቀን ግን ሳትቆልፈው ሄዳ፣ በማግሥቱም ዘግይታ ብትመጣ፣ ልጆቹ ከፍተው እያንዳንዳቸው የወደዱትን ዕቃ ሲወስዱ አገኘቻቸው። እርሷ ነገሩን እንደ ስርቆት ቆጠረችው። ዶክተር ሞንቴሶሪ ግን «ልጆቹ ዕቃውን ለይተው ካወቁት መምረጥም ይችላሉ» ብለው አሰቡ። ከዚያ ወዲህ በተቆለፈው ቁም ሣጥን ፈንታ የልጅ እጅ የሚደርስበት ዝቅ ያለ መደርደሪያ ተተካ።

ይሁን እንጂ ይህ ልጅን መረን መልቀቅ አይደለም። ልጁ የሚመርጠው አሠራሩን ካሳዩት ሥራ መካከል ነው፤ ሲጨርስ ዕቃውን ከቦታው ይመልሳል፤ የጓደኛውንም ሥራ አያውክም። ከ6 እስከ 9 ዓመት ያሉት በአንድ ክፍል፣ ከ9 እስከ 12 ያሉት በሌላ ክፍል ሆነው ታላቁ ታናሹን ይረዳል። አስተማሪውም ለጥቂቶች ካሳየ በኋላ የቀሩትን እየተዘዋወረ ይመለከታል።

ይህ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ ነገር ነውን? አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት አንዱ ፊደል ሲቆጥር፣ ሌላው አቡጊዳ ሲል፣ ሦስተኛው ዳዊት ሲደግም በአንድ ጥላ ሥር ይውላሉ። ቀደም ያለው ለጀማሪው ያስቆጥራል፤ ልጁም ወደሚቀጥለው የሚሻገረው የያዘውን ሲያውቅ እንጂ ዓመቱ ስላለቀ አይደለም። ሁሉም በአንድ ሰዓት አንድ ገጽ የሚገልጥበት፣ እኛ ዛሬ «ነባር» የምንለው የክፍል ትምህርት በአገራችን የተስፋፋው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ነው። እርግጥ በየኔታ ዘንድ ምርጫ አልነበረም፤ አርጩሜ ግን ነበረ።

በሌላ በኩል የክፍል ትምህርትን መናቅ አይገባም። አንድ አስተማሪ በአንድ ሰሌዳና በጥቂት መጻሕፍት ብዙ ልጆችን ለማስተማር የቻለው በእርሱ ነው። የሞንቴሶሪ ትምህርት ልዩ ዕቃና በሚገባ የሠለጠነ መምህር ይፈልጋል። ውጤቱም ቢሆን ሳይጋነን መነገር አለበት። በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ በዕጣ ገብተው የተማሩትን ዕጣ ካልወጣላቸው ጋር ያነጻጸረ ጥናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቶ ነበር። የሞንቴሶሪ ልጆች በ5 ዓመታቸው በንባብና በሒሳብ በልጠው ተገኙ። በ12 ዓመታቸው ግን በእነዚህ ልዩነት አልታየም፤ የበለጡት በድርሰት አጻጻፍና ከሰው ጋር ተግባብቶ በመኖር ነበር።

ታዲያ ይህ ነገር ወጣቱን የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ምን ይመለከተዋል? ብዙ ይመለከተዋል። «ተነሥ» ሲሉት ተነሥቶ፣ «ጻፍ» ሲሉት ጽፎ ስምንት ዓመት የቆየ ልጅ፣ አድጎ ወንበር ሲይዝ አለቃው እስኪያዘው ይጠብቃል። ባለጉዳይ በደጅ ቆሞ ሳለ እርሱ «ትእዛዝ አልደረሰኝም» ይላል። በልጅነቱ አንዲት ነገር መርጦ፣ ጀምሮ፣ ፈጽሞ የማያውቅን ሰው ስንፍናው ብቻ ነው ብለን እንወቅሰው ይሆን?

ስለዚህ የእኔ አሳብ ከሁለቱ አንዱን ይጣል የሚል አይደለም። ፊደሉንና ሒሳቡን አስተማሪው በሥርዓት ያስተምር። ነገር ግን ከቀኑ ጥቂት ጊዜ ለልጁ ምርጫ ይተውለት፤ ታላቁ ለታናሹ ያስነብብ፤ ያሉት ጥቂት መጻሕፍትም ከተቆለፈበት ወጥተው ልጆች በሚደርሱበት ቦታ ይቀመጡ። ይህን ለማድረግ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቁልፉን የያዘው ሰው ልጁን ማመኑ ነው።