ዱላውስ አለን፤ ሜዳውን ማን ይስጠን?

ጎልፍ ሲባል የእኛ ሰው ፈገግ ይላል። “የጠገበ ሰው ጨዋታ!” ብሎም ያልፈዋል። አይፈረድበትም። ያየው ነገር ቢኖር አጥር፣ ዘበኛ፣ ከአጥሩ ማዶ ለምለም ሣር፣ ነጭ ኮፍያ ያጠለቀ ዲፕሎማትና የእሱን ከረጢት ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ የሚል የድሃ ልጅ ነው። ዳቦ በተወደደበት አገር ስለ ጎልፍ ርዕሰ አንቀጽ መጻፍ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋም እናውቃለን። ትንሽ ይታገሠን። የእኛ ነገር ከሣሩ ይልቅ ከአጥሩ ጋር ነው።

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ኦገስታ ናሽናል የሚባል የጎልፍ ክለብ አለ። ማስተርስ የተባለው ታላቅ ውድድር በ1934 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተጀመረው እዚያ ነው። በዚህ ክለብ ጥቁር ሰው ለብዙ ዘመን የሚገባው ወይ ከረጢት ሊሸከም፣ ወይ ጌቶቹን ሊያስተናግድ ነበር። ሊ ኤልደር የተባለ ጥቁር ለመጀመሪያ ጊዜ በማስተርስ የተጫወተው በ1975 ነው። ጥቁር አባል የተቀበሉት በ1990፣ ሴት አባል የተቀበሉት ደግሞ በ2012! ጉድ እኮ ነው።

በ1997 ታይገር ውድስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት እዚያው ሜዳ ላይ ተፎካካሪዎቹን በ12 ምት በልጦ አሸነፈ። ይህ ልጅ ከሰማይ አልወረደም። ጡረታ የወጣ ወታደር የነበረው አባቱ ገና በጨቅላነቱ ዱላ አስጨብጦ አስተማረው። ከ1991 እስከ 1993 ሦስት ዓመት በተከታታይ የአሜሪካን የታዳጊዎች ሻምፒዮና ወሰደ። አስተማሪ አገኘ፤ መለማመጃ ሜዳ አገኘ፤ በዕድሜው ልክ የተዘጋጀ ውድድር አገኘ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ዛሬ ስሙን ማን ያነሳው ነበር?

ያ በሩን ዘግቶ የኖረ ክለብ በበኩሉ በ2013 ከሌሎች የጎልፍ ተቋማት ጋር ሆኖ የልጆች ውድድር መሠረተ። ከ7 እስከ 15 ዓመት ያሉ ወንዶችም ሴቶችም በነጻ ይመዘገባሉ። በአራት የዕድሜ ክፍል ተመድበው በሦስት ነገር ይፈተናሉ፦ ኳሷን አርቆ መምታት፣ ወደ ጉድጓዱ ማስጠጋት፣ ማስገባት። በየአካባቢው ተጣርተው ያለፉት የማስተርስ ሳምንት ሊገባ ሲል እሑድ ዕለት በዚያው በኦገስታ ሣር ላይ ይጫወታሉ። የመጀመሪያዎቹ በ2014 ተጫወቱ። ልብ ያለው ልብ ይበል! አጥሩን ያጠረውም በሩን የከፈተውም ያው ክለብ ነው። ሰዎቹ ወሰኑ፤ በሩ ተከፈተ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በዱላ ኳስ መምታትን እኛን ፈረንጅ አላስተማረንም። ገና በደረሰ ቁጥር ልጅ አዋቂው ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር ሲያሳድድ የኖረ ሕዝብ ነን። በዚያ ጨዋታ ሎሌ ጌታውን ቢዘልፈው እንኳ ጌታ አይቆጣም ነበር፤ ሜዳ ላይ ሁሉም እኩል ነውና። ዛሬስ? የአዲስ አበባ ልጅ ሩር ቢኖረው የት ይምታት? እኛ ኳስ የተጫወትንበት የሰፈር ሜዳ ስንቱ ሕንፃ በቀለበት፣ ስንቱ መኪና ማቆሚያ ሆነ! ልጆቹ አስፋልት ላይ በድንጋይ ጎል ሠርተው፣ መኪና በመጣ ቁጥር “መኪና!” እያሉ ድንጋያቸውን ያነሳሉ። አዲስ የተሠሩ መጫወቻዎች መኖራቸውን አንክድም። ግን ከልጁ ብዛት ጋር ሲተያይ ምን አላት?

“ቦታ የለም፣ ጊዜ ይፈጃል” የሚለውን መልስ ለምደነዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ አትክልት ተራን ያህል ገበያ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ለ2013 ጥምቀት ደግሞ ሜዳው ጸድቶ ለበዓሉ ደረሰ። እንግዲህ ሹሞቻችን ሲፈልጉ ይችላሉ ማለት ነው። ታዲያ ለልጆች ሲሆን እጃቸው ምነው አጠረ?

የምንለው አጭር ነው። ሣር ሜዳ ያለው ክለብ ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን፣ በሩን ለሰፈሩ ልጆች በነጻ ይክፈት። ዱላውንም ያውስ፣ አሠልጣኝም ይመድብ፤ በዓመት አንዴ በዕድሜ ከፍሎ ያወዳድራቸው። ከረጢት የሚሸከመው ልጅ ያን ቀን እሱ ይምታ! ቀበሌና ወረዳም የተረፈችውን ሜዳ ከመሸጥ ይቆጠቡ።

ልጅ ዕድሜው አይጠብቅም። ዛሬ የ7 ዓመት ልጅ የሆነው፣ ስብሰባው አልቆ ቃለ ጉባኤው እስኪፈረም 15 ይሞላዋል። ያኔ በሩ ቢከፈት ለማን ይጠቅማል?

ሰሚ ጆሮ ያለው ይስማ!