ጥላ ያለው ፎቅ

ከሻርጃ በአውቶቡስ መጥቼ ዱባይ ዩኒየን ጣቢያ እወርድና ሜትሮ እይዛለሁ። ባቡሩ ከቡርጁማን በኋላ ከምድር ሥር ወጥቶ ወርልድ ትሬድ ሴንተር ሲቃረብ ሰው ሁሉ ቡርጅ ኸሊፋን ይፈልጋል። የእኔ ዓይን ጣቢያው አጠገብ ካለው ነጣ ያለ አሮጌ የወርልድ ትሬድ ሴንተር ፎቅ አይነቀልም። ወደ አገር ቤት ልልክ በምቆጥረው የወረቀት መቶ ድርሃም ላይም ሥዕሉ አለ።

39 ፎቅ፣ 149 ሜትር። ዛሬ ከ828 ሜትሩ ቡርጅ ኸሊፋ ጎን ታናሽ ነው፤ የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲመርቁት ግን በዐረቡ ዓለም የሚስተካከለው አልነበረም። የነደፈው እንግሊዛዊው ጆን ሃሪስ ነው።

ሃሪስን ወደ ዱባይ ያመጣው ግን ፎቅ አይደለም። የዱባዩ ገዥ ሼክ ራሺድ ቢን ሰዒድ አል ማክቱም በ1960 የከተማዋን የመጀመሪያ ማስተር ፕላን ያሠሩት እሱን ነው። አስፋልት ባልነበረበት ቦታ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ አሰመረ። በ1971 ፕላኑን ሲያሰፋው የሺንዳጋ ዋሻንና የክሪኩን (የባሕር ወሽመጡን) ድልድዮች አካተተ። ስንት ወገኖቻችን የታከሙበት ራሺድ ሆስፒታልም የእሱ ሥራ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን የዚያ ፎቅ መስኮት ነው። መስታወቱ ፊት ለፊት ፀሐይ አይመታውም፤ ከኮንክሪቱ ቅስት ኋላ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተቀምጧል። ሕንፃው ለራሱ ጥላ ይሠራል። ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 የደጅ ሥራ በሕግ በሚከለከልበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአል ፋሂዲ ሠፈር ያሉት የድሮ ቤቶች በንፋስ ማማቸውና በጠባብ መተላለፊያቸው የሚያውቁትን ሃሪስ በኮንክሪት ደገመው። ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ፎቆች ግን ከላይ እስከ ታች መስታወት ለብሰው ሙቀቱን ለኤሲ ትተውታል።

«አዲስ አበባ ዱባይን ትምሰል» ሲባል የምሰጋው ለዚህ ነው። እኛ የምንገለብጠው ሃሪስን ሳይሆን መስታወቱን ነው፤ ዱባይ ለኤሲ የምትከፍለውን እኛ ከየት እናመጣለን?

ባለፈው ለእረፍት ስገባ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አዲስ የመስታወት ሕንፃ ላይ ጉዳይ ነበረኝ። አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ሠራተኛ ከወንበሯ ኋላ ያለውን መስታወት ከላይ እስከ ታች በካርቶን ሸፍናዋለች። ሳየው አይታኝ፣ «ከሰዓት በኋላ እኮ አያስቀምጥም» አለችኝና መብራቱን አበራች።