«ልጄ መሞከሪያ አይደለም» ለምትል እናት ምን እንመልሳለን?



በጤና ትምህርት ክፍሎች የምንማር እህትና ወንድሞች ለዕረፍት ወደ ቤት ስንመለስ ደጋግመን የምንሰማው ነገር አለ፦ «እነዚህ መድኃኒት ሠሪዎች እኮ የሚሞክሩት በእኛ ልጆች ላይ ነው»። አብዛኞቻችን ፈገግ ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዶቻችንም «የፌስቡክ ወሬ ነው» ብለን ተናጋሪውን እናሳፍራለን። በእኔ እምነት ይህ መልስ አይደለም። ወሬው ከባዶ ሜዳ አልተነሳምና።

በ1996 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያን ከባድ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ መታት፤ ከ10 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነባት በካኖ ከተማ፣ በተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ግቢ፣ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በታወቀው መድኃኒት በክሎራምፌኒኮል በነፃ ያክም ነበር። እዚያው ግቢ የፋይዘር ኩባንያ ባለሙያዎች መጡና ትሮቫን የተባለ ገና ያልጸደቀ መድኃኒት ለ100 ሕፃናት ሰጡ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ሌሎች 100 ሕፃናት ሴፍትሪያክሶን ተሰጣቸው። ከመጀመሪያዎቹ 5፣ ከሁለተኞቹ 6 ሞቱ።

ቁጥሩን ረጋ ብለን እንየው። ማጅራት ገትር ታክሞም ይገድላል። ስለዚህ ይህ ቁጥር ብቻውን «መድኃኒቱ ገደላቸው» አያሰኝም፤ ኩባንያውም የገደለው በሽታው ነው ብሎ ተከራክሯል። የወላጆቹ ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል። ልጃችን ሙከራ ውስጥ መግባቱን ማን ነገረን? ጥቂት እርምጃ ርቆ የታወቀው መድኃኒት በነፃ እንደሚሰጥስ ለምን አልተነገረንም? ኩባንያው በቃል አስፈቅጃለሁ አለ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ተብሎ የቀረበው ደብዳቤ ግን ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ የተጻፈ መሆኑ ከዓመታት በኋላ ተጋለጠ። በ2009 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን ከካኖ ክልል ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ።

ከስምምነቱ በፊት ግን ሌላ ነገር ሆኗል። በ2003 እ.ኤ.አ. ካኖ የፖሊዮ ክትባትን አቆመች። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ሰዎች ከሚያነሷቸው አንዱ ይኸው የትሮቫን ጉዳይ ነበር። ቫይረሱ ከሰሜን ናይጄሪያ ተነሥቶ አገር ለአገር ተጓዘ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በሱዳን በኩል አድርጎ፣ ለዓመታት ፖሊዮ ያልታየባት ኢትዮጵያ ገባ። የካኖን ስም ሰምቶ የማያውቅ የእኛ አገር ሕፃን እዚያ ለጠፋው እምነት ዕዳ ከፋይ ሆነ።

ታዲያ በልጆች ላይ ምርምር ይቅር? እንደዚያ የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ አልስማማም። አሜሪካ ውስጥ በመዥገር ንክሻ የሚተላለፍ ሮኪ ማውንቴን ስፖትድ ፊቨር የሚባል የባክቴሪያ በሽታ አለ። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ በአምስት እጥፍ ይሞቱበታል። መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ ያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይዘገይ መሰጠት ያለበት። ነገር ግን የቴትራሳይክሊን ዘሮች የልጆችን ጥርስ ያበልዛሉ የሚለው ማስጠንቀቂያ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዶክሲሳይክሊንንም ጨምሮ ይሠራበት ስለነበር ሐኪሞች ይፈሩ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. እዚያው በተደረገ ጥናት፣ ለሕመሙ ተጠርጣሪ ከ8 ዓመት በታች ልጅ ዶክሲሳይክሊን ይሰጣል ብለው በትክክል የመለሱት የጤና ባለሙያዎች 35 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ለጥርስ ሲባል ነፍስ!

ነገሩን የፈታው ትልቅ ማሽን አይደለም። በሽታው በበረታበት በአሪዞና፣ ከነባር ሕዝቦች መካከል፣ ከ8 ዓመት በፊት መድኃኒቱን የወሰዱ 58 ልጆችና ያልወሰዱ 213 ልጆች ጥርሳቸው ታየ። የትኛው ልጅ እንደወሰደ የጥርስ ሐኪሞቹ አያውቁም ነበር። በመድኃኒቱ የበለዘ ጥርስ አልተገኘም። (58 ትንሽ ቁጥር ነው፤ የታየውም ለአጭር ጊዜ የተሰጠ መድኃኒት ነውና ለወራት ይሰጥ የሚል ፈቃድ አይደለም።) በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ዶክሲሳይክሊን እስከ 21 ቀን በየትኛውም ዕድሜ መሰጠት እንደሚችል አሰፈረ። እኛ ሐዲስ ሲነገረን ሰነዱን እንጠይቅ የለ? በመማሪያ ደብተራችን ላይ ያለውን «ለልጆች አይሰጥም» ሁሉ እንደዚያው ከየት እንደመጣ ብንጠይቅ ምን ነበረበት።

የፈቃድ ወረቀት ይዘን እናት ፊት የምንቆመው ነገ እኛው ነን። ብዙ ጊዜ የሚታየው ሦስት ገጽ በጥድፊያ ተነቦ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ሲባል ነው፤ መፈረም የማትችለው ደግሞ አውራ ጣቷን ታሳርፋለች። እምቢ ብትል ልጇ ያው ሕክምና እንደማይቀርበት በራሷ ቋንቋ ተነግሯት፣ በራሷ አነጋገር መልሳ እስክትነግረን ድረስ ያ አሻራ ፈቃድ አይባልም፤ አማናም አልተጠበቀም።

የጥናት ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች ከሙያው ውጭ የሆነ የማኅበረሰብ ወኪል ሊኖራቸው ይገባል። በግቢያችን ኮሚቴ ይህን ወንበር ማን እንደያዘው ጀመዓችን በደብዳቤ ቢጠይቅ፣ ክፍት ከሆነም በአካባቢው የሚታመን አንድ ሸይኽ ወይም ልጅ ያሳደገች አንዲት እናት ቢጠቁም ጥሩ ነው። የጤናና የፋርማሲ ተማሪዎች ደብዳቤውን ለማርቀቅ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የጀመዓውን የትምህርት ዘርፍ ተጠሪዎች አነጋግሩ።