ሰሙን ለእኛ፣ ወርቁን ለማን?
ኖርማን ሊርን ምስክር ለሚጠሩ ቀልደኞች የተሰጠ መልስ

ባለፈው የሥነ ጽሑፍ ምሽት የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ ቀልደኛ ጓዳችን አማርኛ የሚሰባብር ባላገር ሆኖ መድረክ ላይ ወጣ። አዳራሹ አውካካ። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ግን አልሳቀም። አፉን የፈታው በሌላ ቋንቋ ነው። ሳቁ እስኪያልፍ ድረስ አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ነበር።

በማግሥቱ ሻይ ቤት ነገሩ ተነሣ። ቀልደኛው ምን አለ? «እናንተ አልገባችሁም እንጂ እኔ የምቀልደው በንቀቱ ላይ ነው። ኖርማን ሊርም ያደረገው ይኸንኑ ነው!» አለና ሻዩን ፉት አለ። ሁላችንም ዝም። የፈረንጅ ስም ሲጠራ ዝም ማለት ልማዳችን ነዋ! ዛሬ ግን መልስ አለኝ።

ኧረ ለመሆኑ ኖርማን ሊር ማን ነው? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1922 አሜሪካ፣ ኮነቲከት ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ በ2023 በ101 ዓመቱ ሞተ። ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በማጭበርበር ወንጀል ታሰሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ጣይ አውሮፕላን 52 ጊዜ ዘምቷል። ከጦርነቱ በኋላ ለቴሌቪዥን ቀልድ መጻፍ ያዘ፤ ቆየት ብሎም ፕሮዲዩሰር ሆነ።

በ1971 የወጣው «ኮልድ ተርኪ» የተባለው ፊልም አዘጋጅ እሱ ነው። አንድ የትምባሆ ኩባንያ ለሠላሳ ቀን ማጨስ ላቆመ ከተማ 25 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ይላል፤ ማንም አይችለውም ብሎ ነው። አንዲት ትንሽ ከተማ በቄሷ መሪነት ትነሣለች። በዚያ ፊልም የሚሳቅበት ማን ነው? ኩባንያው፣ ገንዘብ ያሰከረው ከተሜ፣ ሹመት የናፈቀው ቄስ። ቀልዱ የሚወረወረው ወደ ላይ ነው፤ ልብ በሉ!

በዚያው ዓመት በጥር ወር «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የተባለው ተከታታይ ኮሜዲ ተጀመረ። መነሻው የእንግሊዞች ድርሰት ነው። ኤ.ቢ.ሲ. የተባለው ጣቢያ ሁለት ጊዜ የሙከራ ክፍል አሠርቶ ሁለቱንም ጊዜ አልፈልግም ብሎት ነበር፤ ያወጣው ሲ.ቢ.ኤስ. ነው። ዋናው ሰው አርቺ በንከር ይባላል። ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ የሚኖር ነጭ ሠራተኛ ነው፤ ጥቁሩን፣ አይሁዱን፣ ስደተኛውን ሳይሰድብ አይውልም። ሚስቱን አፍሽን ዝጊ የሚልበትን ቃል ሊር የወሰደው ከገዛ አባቱ አፍ ነው። እንግዲህ ሊር ያሾፈው በጎረቤት ልጅ አይደለም፤ የራሱን ቤት ጉድ ነው አደባባይ ያወጣው።

ደግሞም አርቺ ተናግሮ ዝም አይባልም። አማቹ ይሞግተዋል፣ ልጁ ትቆጣዋለች፣ ጥቁሩ ጎረቤቱ ጆርጅ ጀፈርሰን የእጁን ይሰጠዋል። በ1972 በታየ አንድ ክፍል ጥቁሩ ዘፋኝ ሳሚ ዴቪስ ጁኒየር በገዛ ሳሎኑ፣ ልክ ፎቶ ሲነሡ ጉንጩን ሳመው። አርቺ ክው አለ። አዩ፣ የተሰደበው ሰው መድረኩ ላይ አለ፤ መጨረሻውን ሳቅ የሚወስደውም እሱ ነው። የእኛ ባላገር ግን ማን መለሰለት?

የቅኔ አገር ልጆች ነንና በራሳችን ቃል እንነጋገር። የአርቺ ስድብ ሰሙ ነው፤ የአርቺ ሞኝነት ወርቁ። ሊር ይህን ያህል ለፍቶም እንኳ ሁሉም ወርቁን ይዞ ቤቱ አልገባም። ደራሲዋ ላውራ ሆብሰን ገና በ1971 በኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጥላቻን ተወዳጅ አደረግኸው ብላ ወቅሳዋለች፤ እሱም እዚያው ጋዜጣ ላይ መልሶላታል። በ1974 ደግሞ ቪድማርና ሮኪች የተባሉ ተመራማሪዎች ጥናት አወጡ። ጥላቻ የበረታባቸው ተመልካቾች ራሳቸውን ከአርቺ ጋር የማመሳሰል፣ በመጨረሻ የሚረታውም እሱ ነው ብለው የማየት ዝንባሌ ነበራቸው። ሰሙን ወሰዱ፤ ወርቁን እዚያው ጥለውት ሄዱ! ያን ሁሉ የተጠነቀቀ ሰው እንዲህ ከሆነበት፣ መልስ ሰጪ የሌለበት የእኛ መድረክማ እንዴት ይሁን?

ሊርም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። በ1974 «ጉድ ታይምስ» የተባለ ድርሰት ጀመረ፤ ቺካጎ ስለሚኖር ድኻ ጥቁር ቤተሰብ ነው። የቤቱ ትልቅ ልጅ ጄ.ጄ. እየቀበጠ ሲያስቅ ገበያው ደራ፣ የእሱም ቀልድ እየበዛ ሄደ። እናትና አባት ሆነው የሚጫወቱት አስቴር ሮልና ጆን ኤሞስ፣ የጥቁር ልጅ መሳቂያ ብቻ አይሁን ብለው ተቃወሙ። ኤሞስ በ1976 ተሰናበተ፤ ሮል በ1977 ትታ ሄደች፣ የተመለሰችው በማግሥቱ ዓመት ነው። ስለዚህ ጓዴ ሆይ፣ ሊርን ከጠራህ ሁለቱንም ጥራ፤ አርቺንም ጄ.ጄ.ንም!

«ታዲያ አንሳቅ ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። ኧረ በጭራሽ! ትምህርት ነው እየተባለ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያስተኛውን ትያትር ከእናንተ ባላነሰ እጠላዋለሁ። የምለው ይኸው ነው፦ ሳቅ ዱላ ነው፤ ዱላ ደግሞ በማን ላይ እንዳረፈ ሳይታይ አይመሰገንም። በንቀት ላይ ልታሾፍ ከፈለግህ ናቂውን መድረክ ላይ አውጣው። እሱ እኔ ነኝ፤ በሳቅ ያውካካሁት። ባላገሩም አፍ ይኑረው። ከሁሉ በፊት ግን ድርሰቱን ስትጽፍ ያን ጫማውን ሲያይ የነበረውን ልጅ አጠገብህ አስቀምጠው።

እኔ ሄጄ አነጋግሬዋለሁ። ቀልድ አያልቅበትም፤ ሆዴን እስኪያመኝ አሳቀኝ። ምሽቱ ላይ ለምን አትወጣም ብለው «የጠራኝ የለም» አለ።

ቀልደኛው ጓዳችን መልስ ካለው ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ።