የኮንቴይነሩ ቀን ዋጋ አለው፤ የሹፌሩስ?

በ1990 ዓ.ም. በተነሳው የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት አሰብ ከተዘጋብን ወዲህ ነዳጁም፣ ስንዴውም፣ ማዳበሪያውም በአብዛኛው የሚገባልን በጅቡቲ በኩል፣ በከባድ መኪና ጎማ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ወደቡ ድረስ የሚወስደው መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እኛ ካፖርት በምንደርብበት ክረምት ሹፌሩ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ከ40 ዲግሪ በላይ ወደሚግል የባሕር ዳርቻ ይወርዳል። ጽናቱን ብናወድስ ያንስበታል እንጂ አይበዛበትም። የኔ ጥያቄ ግን ይህ ጽናት በምን ላይ እያለቀ ነው የሚል ነው። ሙቀቱና ቁልቁለቱ የሥራው ጠባይ ነው፤ ማንም አያነሳለትም። ወደብ ላይ ወረፋ፣ ኬላ ላይ ሰነድ፣ መጋዘን ደጃፍ ማራገፊያ ሲጠብቅ የሚያልፈው ቀን ግን የሰው ሥራ ነው። ኮንቴይነር ከተፈቀደለት ጊዜ ካለፈ የመርከብ ድርጅቱ በየቀኑ ዲመሬጅ ስለሚቆጥርበት የሚሯሯጥለት አያጣም። የሹፌሩ ቀን ሲባክን ግን ማን ይደነግጣል? ገቢው በቢያጆ የሚታሰብ ሰው ቆሞ ያጣውን ከእንቅልፉ ቀንሶ ይተካል። እንቅልፍ ለማባረር የሚቅመውን ጫት ሱስ ብለን ከመኮነናችን በፊት ይህን ሂሳብ ብናየው ጥሩ ነበር።

“መሮጥ የሚፈልገው እኮ ሹፌሩ ራሱ ነው” ይባላል። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው የዕረፍት ሕግ ብቻውን የማይበቃው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው 153ኛው ስምምነት ሹፌር ያለ ዕረፍት ከ4 ሰዓት በላይ፣ በቀን ደግሞ በጠቅላላው ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ይላል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2017 ማብቂያ ጀምሮ አብዛኞቹ የረጅም ርቀት ጭነት መኪኖች የመንዳት ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ እንዲይዙ አስገድዳለች። ይሁን እንጂ እዚያ መሪ የያዙ ብዙ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፣ በማይል ለሚከፈለው ሰው መሣሪያው ሰዓቱን ይቆጥራል እንጂ አይከፍለውም። እ.ኤ.አ. የ1938ቱ የአገሪቱ የሠራተኛ ሕግም የረጅም ርቀት ሹፌሮችን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ አስቀርቷቸዋል። ያለ ክፍያ እረፍ የተባለ ሹፌር ቅጣት እንጂ ዕረፍት አልተሰጠውም። ስለዚህ ሹፌሩ ቆሞ ለሚጠብቅበት ሰዓት ይከፈለው እላለሁ።

የአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡር ይገላግለናል የሚሉም አሉ። ባቡሩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሐዲዱ ግን እያንዳንዱ መጋዘን ደጃፍ አይደርስም። ከበድ የሚለው ተቃውሞ የዋጋው ነው፦ የጥበቃ ክፍያ ቢመጣ የማጓጓዣ ታሪፍ ይጨምራል፣ እሱም ዞሮ በስንዴና በዘይት ላይ ይወድቃል። ይህ ስጋት መሠረት አለው። ነገር ግን ወጪው ዛሬም አለ፤ እንቅልፍ ባጣ ሹፌርና መንገድ ዳር በተገለበጠ ተሳቢ እየተከፈለ ስለሆነ ደረሰኝ የለውም። ክፍያው በጭነቱ ሁሉ ላይ በእኩል ይጨመር አላልኩም። ከተወሰነ ሰዓት በላይ መኪናውን ያቆመው ወገን፣ ወደቡም ሆነ ኬላው ወይም አስመጪው፣ ለሹፌሩ በሰዓት ይክፈል። ያኔ ወጪው የሚቆረቁረው ማራገፊያውን ማፋጠን የሚችለውን ሰው ይሆናል።